ከመሪው ኋላ ያለው ጭንቀት፦ የኦሮራና የዴንቨር ሾፌሮቻችን ምን ያስተምሩናል?

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ከእንቅልፋቸው የሚነሡ ወገኖቻችን ሁለት ዓይነት ናቸው። ገሚሶቹ ለጸሎት ይነሣሉ፣ ገሚሶቹ ወደ ኤርፖርት ለመንዳት። ብዙ ጊዜም ሁለቱ አንድ ሰው ሆነው ይገኛሉ። ያ ሰው በጨለማ መኪናውን አሙቆ፣ በረዶውን ከመስታወቱ ላይ ፍቆ፣ የቡና ቴርሞሱን ከጎኑ አስቀምጦ በፔንያ ቡልቫርድ ይነጉዳል። በ1995 የተከፈተው የዴንቨር ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ከመሐል ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሾፌራችን እዚያ ደርሶ በመጠበቂያው ቦታ መኪናውን ያቆማል። ከዚያስ? ከዚያማ ስልኩ እስኪጮህ ይጠብቃል።

ከነዚህ ሾፌሮች አንዱ የሆነውን፣ ስሙን የማንጠቅሰውን ወዳጃችንን ባለፈው የብርድ ወራት ሐኪም ዘንድ አብረነው ሄደን ነበር። «እንግሊዝኛዬ ለተሳፋሪ ይበቃል፣ ለሐኪም ግን አይበቃም» ብሎ ነው የጠየቀን። ሕመሙን ሲያስረዳ «ጨጓራዬ ነው» አለ። ሐኪሟ ሆዱን ከዳሰሰች በኋላ የደም ግፊቱን ለካች፣ እንደገና ለካች፣ ከዚያም በሌላኛው ክንዱ ላይ ደገመችው። «በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ስትለው ሳቀ። «በሥራህ ላይ ጭንቀት አለብህ ወይ?» አለችው። ይህችን ጥያቄ ተርጉመን ስናቀርብለት የሰጠን መልስ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም፦

«የምን ጭንቀት? ሥራ ነው እንጂ!»

ይህንን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደችን ያቺ መልስ ናት።

ስም ያልወጣለት በሽታ

እኛ ኢትዮጵያውያን ለሆድ፣ ለወገብ፣ ለራስ ምታት ስም አናጣም። የልብ ጭንቀት ሲመጣ ግን ጨጓራ እንለዋለን፣ ወይም ብርድ ነው እንላለን። «ጨነቀኝ» ማለት «አቃተኝ» ማለት ይመስለናል። «አቃተኝ» ያለ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የመጣበትን ዓላማ የከዳ ሆኖ ይታየናል። አገር ቤት ያለው ቤተሰብ፣ የወር የመኪና ዕዳ፣ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ሁሉ ሰው ትከሻ ላይ ተደራርቦ ሳለ ስለ ጭንቀት ማውራት የቅንጦት ወሬ ይመስላል። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት አባቶቻችን ናቸው።

ለመሆኑ የሥራ ጭንቀት ምንድን ነው? ሰው አደጋ ሲያጋጥመው ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደሙ ይለቃል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ መፈጨት ቀስ ይላል። መንገድ ላይ ጅብ ቢያጋጥመን ይህ ያድነናል። ችግሩ ጅቡ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ ሲመጣ ነው። ለአፍታ ማምለጫ የተሰጠን ኃይል ዓመቱን ሙሉ ሲነድ የደም ሥርን ይጎዳል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ቁጣን ያቀርባል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ከሥራ የሚመጣ መሰላቸትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሦስት ምልክቶች ሰጥቶታል። እነርሱም የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና ማማረር፣ እንዲሁም የሥራ ውጤት ማነስ ናቸው። ይኸው ድርጅት ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር በ2021 ያወጣው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመመታት ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድሉ በ17 በመቶ ከፍ ይላል። በ2016 ብቻ 745 ሺህ ሰዎች ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ ስትሮክና የልብ ሕመም መሞታቸውን ጥናቱ ገምቷል።

እስቲ አንባቢያችን በሐቅ ይመልሱልን። ሁለት ሥራ ከያዙት፣ ቀን ነርሲንግ ሆም ሌሊት ሆቴል ከሚውሉት፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ከሚነዱት ወገኖቻችን መካከል በሳምንት ከ55 ሰዓት በታች የሚሠራ ስንት ነው?

የሸክሙ ክብደት ወይስ የገመዱ ባለቤት?

ይሁንና ሰዓት ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። አገር ቤት ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚገባ ገበሬ ይደክማል፣ ነገር ግን ድካሙ እንቅልፍ ይሰጠዋል። ታዲያ የእኛን ድካም እንቅልፍ የነሣው ምን ይሆን?

ሮበርት ካራሴክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1979 ባሳተመው ሥራው፣ ሰውን በሥራ ላይ አብዝቶ የሚያስጨንቀው ብዙ መታዘዝና ትንሽ መወሰን ባንድ ላይ ሲገጥሙ መሆኑን አመልክቷል። እንግሊዝ ውስጥም ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቹ የመንግሥት ሠራተኞችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው በልብ በሽታ የሚሞተው ኃላፊነት የበዛበት አለቃ ነው ብሎ ያምን ነበር። የተገኘው ተቃራኒው ሆነ። በማዕረግ ዝቅ እየተባለ በተሄደ ቁጥር የልብ ሕመሙ ይብሳል። ከ1985 ጀምሮ የተካሄደው ሁለተኛው ጥናት ደግሞ ከምክንያቶቹ አንዱ ሰው በገዛ ሥራው ላይ ያለው የመወሰን ሥልጣን ማነስ መሆኑን አሳይቷል።

እኛ ግን ይህንን ቀድመን የተማርነው ከሕይወታችን ነው። አገር ቤት ሳለን በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርን። ሥራው ጉልበት የሚጨርስ አልነበረም። ወንበር ነበረን፣ ሻይ ይመጣልናል፣ ማታም ቤታችን እንገባለን። ጠረጴዛችን ላይ ግን አንድ ስልክ ነበር። ማታ አርመን ወደ ማተሚያ ቤት የላክነው ገጽ ጠዋት ምን እንደሚያመጣብን አናውቅም። የአንድ ባለሥልጣን ፎቶግራፍ አንሶ ይሆናል፤ ርእሱ «ቃና» ይኖረው ይሆናል። ስልኩ ይጮሃል። «ይህን ማን ፈቀደ?» የሚለው ድምፅ ስሙን አይነግረንም፣ እኛም ለመጠየቅ አንደፍርም። ትናንት የተፈቀደው ዛሬ ያስቀጣል፤ ደንቡ የት እንደተጻፈ ያየ ሰው የለም። ከዚያ ግምገማ ይመጣል። ስልኩ ዝም ባለበት ሌሊት እንኳ የጮኸ እየመሰለን እንባንን ነበር።

ተሰደን እዚህ ስንመጣ የመጀመሪያ ሥራችን የሌሊት ፓርኪንግ ሆነ። በዚያ ብርድ አሥር ሰዓት በእግር መቆም ለአርባዎቹ ዕድሜ ሰው ቀላል አልነበረም። የሚገርመው ግን ቤት ስንገባ እንቅልፍ ወሰደን። መኪናው ገባ፣ መኪናው ወጣ፣ ሒሳቡ ተቆጠረ፣ ሥራው አለቀ። የሚጠበቅብንን እናውቃለን፤ ያወቅነውን ከሠራን የሚነካን የለም። ጉልበታችን ቢደክምም ልባችን አረፈ።

ዛሬ ወዳጃችን በኤርፖርቱ መጠበቂያ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ስናየው ትዝ የሚለን ያ የጠረጴዛ ስልክ ነው።

ፊት የሌለው አለቃ

ኡበር ዴንቨር የገባው በ2012 ነበር። በ2014 ኮሎራዶ ለእንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ሕግ በማውጣት ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ለብዙ ወገኖቻችን ነገሩ መጀመሪያ ላይ ነፃነት መስሎ ታይቷቸው ነበር። አለቃ የለም፣ በፈለግህ ሰዓት ትከፍታለህ፣ በፈለግህ ሰዓት ትዘጋለህ። ውሎ አድሮ ግን አለቃው እንዳልጠፋ፣ ፊቱ ብቻ እንደጠፋ ታወቀ። ዋጋውን የሚወስነው አፑ ነው። ተሳፋሪውን የሚመርጠውም አፑ ነው። ተሳፋሪ የሚሰጠው ኮከብ ይቆጠራል። አንድ ሰካራም በሐሰት ቢከስ አካውንት ሊዘጋ ይችላል። ሾፌሩ ያንን ቀን ሁሉ የሚለማመጠው ሰው ያጣል፤ የሚያነጋግረው የተዘጋጀ መልስ ነው።

ለደህንነት ሲባል ለአሥራ ሁለት ሰዓት ከነዳ በኋላ አንዱ አፕ ያስወጣዋል። እርሱም ሌላውን አፕ ይከፍታል። ለምን? የዛሬው ገቢ ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ ስለማያውቅ የነገውንም ዛሬ ካልሠራ አይሆንለትም። በ2025 መስከረም ላይ ደግሞ ዌይሞ የተባለው ኩባንያ ያለ ሾፌር የሚሄዱ መኪኖቹን ወደ ዴንቨር እንደሚያመጣ አስታወቀ። ስለዚህ ሾፌራችን የሚጨነቀው ስለ ዛሬ ብቻ አይደለም፤ መሪው ራሱ ያለ እርሱ ሊዞር ነው!

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የዴንቨርና የኦሮራ ሾፌሮች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከአፕ ዘመን በፊት ባለታክሲው ለኩባንያው በየሳምንቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍል ነበር፤ ገበያ ኖረም አልኖረም። ያኔ 262 ሾፌሮች ተሰባስበው ዩኒየን ታክሲ የተባለ የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙና ከግዛቱ መንግሥት ፈቃድ ለማግኘት ታገሉ። በ2009 ሥራ ጀመሩ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከኢትዮጵያና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የመጡ ነበሩ። ከዚያም 800 ያህል አባላት ያሉት ግሪን ታክሲ ተከተለ፤ አባላቱ እያንዳንዳቸው 2 ሺህ ዶላር አዋጥተው በ2016 መንገድ ላይ ወጡ። ሁለቱንም የረዳቸው የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ማኅበር 7777ኛ ቅርንጫፍ ነው። ይህ ማኅበር ከመነሻው የስልክ ሠራተኞች ማኅበር እንደነበር ስናውቅ ፈገግ ብለናል።

ሁሉም ነገር ሰመረ ለማለት አይደለም። ግሪን ታክሲ በወጣበት ዓመት ከመሐል ዴንቨር ኤርፖርት የሚደርስ ባቡር ሥራ ጀመረ፤ አፖቹም ገበያውን ይዘውት ነበር። ሾፌሮቹ ግን አላቆሙም። በ2024 ገዢው ጃሬድ ፖሊስ የፈረሙት ሕግ ኩባንያዎቹ ተሳፋሪው የከፈለውንና ሾፌሩ የደረሰውን እንዲያሳዩ፣ አካውንት የሚዘጉበትን ደንብም በጽሑፍ እንዲያሳውቁ አዘዘ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ሾፌሮች ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት የአፕ ማኅበር ሥራ ጀመረ፤ ከተሳፋሪው ክፍያ 80 በመቶው ለሾፌሩ እንዲሆንም ተነሣ።

ይህ ሁሉ ከጭንቀት ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። እንዲያውም ዋናው መድኃኒት እዚህ ነው። በጥልቀት መተንፈስ፣ በእግር መሄድ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ ጥሩ ነው። ግን ስለ ገዛ እንጀራው አንድ ቃል መናገር የማይችል ሰው ቢተነፍስም ባይተነፍስም ነገ ጠዋት ወደዚያው ስልክ ይመለሳል። «ዋጋዬ ስንት ነው? ለምን ተዘጋብኝ?» ብሎ መጠየቅና መልስ ማግኘት የቻለ ሰው ግን ጅቡ በሰንሰለት ታስሮለታል።

ከኋላ ወንበር የተጫነው የአገር ጉዳይ

የእኛ ሾፌር ደግሞ ሌላ ሸክም አለበት። ተሳፋሪው ገብቶ ቀበቶውን ሳያስር «ከየት ነህ?» ይለዋል። «ከኢትዮጵያ» ይላል። «አሁን እንዴት ነው እዚያ?» ይለዋል። ምን ብሎ ይመልስ? በ2020 ኅዳር ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ስልክ ተቋረጠ፤ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ለወራት የነዳ ሰው በመካከላችን አለ። በ2023 ነሐሴ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኢንተርኔት ሲዘጋም ሌላው ተራው ደረሰው። ኦሮሚያ ውስጥ ቤተሰቡ ያለ ሦስተኛውም እንዲሁ። እነዚህ ሦስት ሰዎች በአንድ መጠበቂያ ቦታ ጎን ለጎን ያቆማሉ። ስለ ፖለቲካው ላይነጋገሩ ይችላሉ፣ ወይም ተነጋግረው ይጣላሉ። ሦስቱም ግን ለተሳፋሪው ፈገግ ብለው «ደህና ነው» ይላሉ። ካልሆነ ኮከቡ ይቀንሳል።

የአገር ጉዳይ አያስጨንቃችሁ ለማለት አንደፍርም፤ እኛም ዕድሜያችንን የሰጠነው ለርሱ ነው። ነገር ግን ሰዓት ስጡት እንላለን። እየነዱ የጦርነት ዜና ማዳመጥ፣ በቀይ መብራት ላይ ቪዲዮ ማየት አንድም ሰው አያድንም። ዜናው ከሥራ በኋላ፣ ከመኝታም ራቅ ባለ ሰዓት ይሁን። በአገር ጉዳይ ማድረግ የሚቻለውን፣ ትንሽም ብትሆን፣ ማድረግ ቁጭ ብሎ ከመብሰልሰል ይሻላል። ይህም ቢሆን ያው የመወሰን ጉዳይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ለሐኪም እውነቱን መናገር። «ጨጓራ ነው» ከማለት በፊት ስንት ሰዓት እንደምንሠራና ስንት ሰዓት እንደምንተኛ እንንገር። አስተርጓሚ መጠየቅም አያሳፍርም። ደረት ሲጨምቅ፣ አፍ ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ 911 ይደወላል። ሕይወት ያስጠላው ሰው ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በሚሠራው 988 ቁጥር ቀንም ሌሊትም መደወል ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሒሳብ መያዝ። ብዙ ሾፌር የዕለቱን ጠቅላላ ገቢ ያውቃል፣ የሰዓቱን የተጣራ ገቢ ግን አያውቅም። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በ2025 ለሥራ የተነዳን አንድ ማይል 70 ሳንቲም ወጪ አድርጎ እንዲታሰብ ፈቅዷል። ይህን ከገቢው ቀንሶ፣ የተጠበቀበትንም ሰዓት ደምሮ ያካፈለ ሰው አንዳንዱ ሰዓት ኪሳራ መሆኑን ይደርስበታል። ያኔ የቱን ሰዓት ሠርቶ የቱን እንደሚተኛ የሚወስነው አፑ መሆኑ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ መብትን ማወቅ። በ2020 በወጣው የኮሎራዶ ሕግ መሠረት ተቀጣሪ ለሠራው ለያንዳንዱ 30 ሰዓት አንድ ሰዓት ከደመወዝ ጋር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፣ በዓመት እስከ 48 ሰዓት። ሕጉ የአእምሮ ሕመምንም ይጨምራል። በዚያው ዓመት ኅዳር መራጮች ያጸደቁት ሌላው ሕግ ከ2024 ጀምሮ ለከባድ ሕመም ወይም ቤተሰብ ለማስታመም እስከ 12 ሳምንት የሚደርስ የተከፈለ እረፍት ይሰጣል። እንደ ሾፌሮቻችን ራሳቸውን ችለው የሚሠሩም በፈቃዳቸው ተመዝግበው መዋጮውን እየከፈሉ ሊገቡበት ይችላሉ። ይህንን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አራተኛው የእኛው የራሳችን ነው። ዕድራችን ሰው ሲሞት ገንዘብ አዋጥቶ አስከሬን አገር ቤት ይልካል። ደግ ሥራ ነው፣ ይቀጥል። ግን በቁሙ ሳለ አንድ ሳምንት እንዲያርፍ ብናዋጣለት ምን አለበት? ለአስከሬኑ የአውሮፕላን ትኬት የማንሰስተውን ሰው በሕይወት ሳለ ለምን የሁለት ሳምንት የመኪና ዕዳ እንሰስትበታለን?

ይህንን የምንለው ሲሆን ስላየን ነው። ያ ወዳጃችን ከሐኪም ሲወጣ መድኃኒቱን ኪሱ ከትቶ በቀጥታ ወደ ኤርፖርት ሊነዳ ነበር። «የመኪናው ክፍያ አርብ ነው» አለን። ነገሩን ለዕቁብ ጓደኞቹ እንድንነግርለት አልፈለገም፣ እኛም ሳይፈልግ ነገርናቸው። በዚያ ሳምንት ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ለቀቀለት። ሰውየው በፖለቲካ ከወዳጃችን ጋር ሲኳረፉ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ነው! ብሩን ሲያስረክበው «ተኛበት» አለው እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ወዳጃችን ሁለት ሳምንት ተኛ። አሁን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አይነዳም፣ እሑድን ለቤተሰቡ ሰጥቷል፣ በሾፌሮች ስብሰባ ላይም መታየት ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ለክትትል ሐኪሟ ዘንድ አብረን ተመለስን። ያንኑ ጥያቄ ደገመችለት፦ «በሥራህ ላይ ጭንቀት አለብህ ወይ?»

እንድንተረጉምለት አልጠበቀም። በራሱ እንግሊዝኛ «አዎ፣ አለብኝ» አላት። ከዚያም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠግቶ መናገር ጀመረ።

ቸር ይግጠመን።